በተዘጋ ትምህርት ቤት የተመረጠ መስመር፦ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጉዳይ

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲያደርጉ አገሩን ያስደነገጠው 3.3 በመቶ የሚለው ቁጥር ነበር። ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። ከ2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያ ሰሞን ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን አቅም፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት ያልተባለ ነገር አልነበረም፤ አብዛኛውም እውነት ነው። ከዚያው ውጤት ጋር የወጣ ሌላ ቁጥር ግን ብዙም መነጋገሪያ ሳይሆን አለፈ።

ተፈታኞቹን በመስመር ብንከፍላቸው በተፈጥሮ ሳይንስ የተቀመጡት 339,642፣ በማኅበራዊ ሳይንስ የተቀመጡት ደግሞ 556,878 ናቸው። ከተፈጥሮ ሳይንሶቹ 22,936 አለፉ፤ 6.8 በመቶ ማለት ነው። ከማኅበራዊ ሳይንሶቹ ያለፉት 6,973 ብቻ ናቸው፤ 1.3 በመቶ። ከመቶ ተፈታኝ ስድሳ ሁለቱ የገቡበት መስመር የማለፍ ዕድሉ ከሌላው ከአምስት እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ቁጥር አንብቦ «እንግዲያው ልጆቻችን ሁሉ ተፈጥሮ ሳይንስ ይግቡ» ማለት ቀላል ነው፤ ስሕተትም ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ ሰው አይጥልም። ጥያቄው ማን ወደየት ሄደ፣ ለምንስ ሄደ የሚለው ነው። የ10ኛ ክፍል ውጤቱ ደከም ያለ ተማሪ በብዛት ወደ አንዱ መስመር ከጎረፈ፣ የዚያ መስመር ውጤት ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። እኔ ጉዳዩን የምመረምረው ከዚህ አንጻር ነው፤ እነዚህ ልጆች መስመራቸውን የያዙት መቼና እንዴት ባለ ሁኔታ ነበር?

ምርጫው የተደረገበት ዓመት

በ2014 የ12ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ በስተቀር፣ 10ኛ ክፍልን የተማረው በ2012 ነው። ያ ዓመት ሁለት ነገር የተገናኙበት ዓመት ነበር።

የመጀመሪያው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መቅረቱ ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 9ኛና 10ኛ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ መሰናዶ ነበሩ። በመካከላቸው የቆመው የ10ኛ ክፍል ፈተና ልጆችን አስጨንቋል፤ የብዙውንም ተስፋ ቆርጧል። ነገር ግን አንድ ያልታሰበለት ጥቅም ነበረው። ተማሪው መሰናዶ ከመግባቱ በፊት በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በእንግሊዝኛ፣ በታሪክ የት እንደ ቆመ ከትምህርት ቤቱ ውጪ በሆነ ሚዛን ይነገረው ነበር። ፈተናው ከ2012 ጀምሮ ሲቀር ሚዛኑም አብሮ ቀረ፤ በምትኩ የተቀመጠ ሌላ ሚዛን አልነበረም። የክፍል ውጤት አለ ይባል ይሆናል። በየትምህርት ቤቱ የክፍል ውጤት እንዴት እንደሚሰጥ የሚያውቅ መምህር ግን በዚያ ላይ ተማምኖ ልጁን ለመምከር ይቸገራል።

ሁለተኛው ኮሮና ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት እንደ ተጀመረ ተቋረጠ፤ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ያሉ ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተደረገ። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈቱ የትናንቱ 10ኛ ክፍል ተማሪ 11ኛ ክፍል ገባ፤ «ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ?» የሚለው ጥያቄም ጠበቀው። ከመምህሩ ጋር ከተለያየ ወራት አልፈውታል። የሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ውጤት የለውም። ታላላቆቹን በትምህርት ቤት ግቢ አግኝቶ የሚጠይቅበት ጊዜም አልነበረም። በሕይወቱ ውስጥ ከሚወስናቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱን ከማንም ጋር ሳይመክር ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በዚህ ላይ መጫን አይቻልም። በመካከሉ ጦርነት ነበር፤ የትግራይ ተማሪዎች በዚያ ዙር ጨርሶ አልተፈተኑም፣ በሌሎች አካባቢዎችም ትምህርት ተስተጓጉሏል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠቱም የኩረጃውን መንገድ ዘግቶ የነበረውን ገለጠ። የመስመር ምርጫው ግን ከፈተናው ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ የተደረገ ነው።

ከሰባ ሠላሳ ወደ ሠላሳ ስምንት ስድሳ ሁለት

የጉዳዩ አስገራሚ ገጽታ እዚህ ላይ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ፖሊሲ «ሰባ ሠላሳ» የሚባለው ነበር። ከመቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ጥናት እንዲማር ማለት ነው። ኢንዱስትሪ ለመገንባት መሐንዲስ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ ነበር፤ ሐሳቡ ራሱ ክፉ አልነበረም። መሰናዶ ትምህርት ቤቶችም ምደባቸውን ወደዚያው እንዲያዘነብሉ ተደረገ። ታሪክ መማር የሚሻ ልጅ ፊዚክስ ሲማር ዋለ፤ ሕግ የተመኘው ሲቪል ምሕንድስና ደረሰው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በዲግሪ የተመረቁ ወጣቶች ኮብልስቶን ሲያነጥፉ አይተናል። ሥራውን ለመናቅ አልናገርም። አምስት ዓመት ምሕንድስና ተምሮ ድንጋይ ማንጠፍ ግን የማንም ዕቅድ አልነበረም።

የኮታው ግፊት ሲላላና የ10ኛ ክፍል ፈተና ሲቀር ተማሪው በራሱ ፈቃድ የሚመርጥበት ዕድል ሰፋ። ውጤቱ በ2014 ሲታይ ተፈጥሮ ሳይንስ ከመቶ ሠላሳ ስምንት፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ስድሳ ሁለት ሆኖ ተገለበጠ። አንዳንዶች ይህን የነጻነት ምልክት አድርገው ያዩት ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። ኮታ ባለበት ዘመን ተማሪውን የገፋው መንግሥት ነበር፤ ኮታው ሲላላ የገፋው የፊዚክስና የሒሳብ ፍርሃት ነው። ተገፊነቱ አልተለወጠም። «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ? ለዚያስ ምን መማር አለብህ?» ብሎ አስቀምጦ ያነጋገረው ሰው በሁለቱም ዘመን አልነበረም።

ያለፉትን ብቻ ነጥለን ብንቆጥር ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። ካለፉት 29,909 ተማሪዎች ሰባ ሰባት ከመቶ ያህሉ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። ማንም ሳያቅደው ሰባ ሠላሳው በፈተናው በር በኩል ተመልሶ ገባ፤ እንዲያውም ከሰባ አለፈ። ልዩነቱ በፊተኛው ዘመን ሠላሳው እጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማር የነበረ ሲሆን፣ በኋለኛው ከ556,878 ውስጥ 549,905 የሚሆነው ከበሩ ውጪ መቅረቱ ነው።

ሒሳብን የሸሸ ተማሪ ሒሳብን የት ያገኘዋል?

በየትምህርት ቤቱ በምዝገባ ሰሞን የሚሰማ ዓይነት ንግግር አለ። እናት ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ትመጣለች።

«መምህር፣ ልጄን ማኅበራዊ ይመዝግቡልኝ። ሒሳብ አይሆንላትም።»

«እሺ እትዬ። ለወደፊቱ ግን ምን መሆን ትፈልጋለች?»

«ባንክ መሥራት ነው የምትመኘው። አካውንቲንግ።»

አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ልጅቱም ትመዘገባለች። መቀጠል የነበረበት ግን ከዚህ ነው። መስመሩ ለምኞቷ ትክክል ነው፤ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኢኮኖሚክስ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሚገባባቸው ናቸው። ምክንያቱ ግን ከምኞቷ ጋር ይጣላል። ሒሳብን ሸሽቶ ባንክ የሚገባ የለም።

መንገዱን ከመድረሻው ወደ ኋላ እንቁጠረው። ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ተማሪ ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ይወስዳል። አካውንቲንግ የሚያጠና የፋይናንስ ስሌትና የወጪ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስንል በ2012 የተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ፍሬሽማን የምንለው፣ አለ፤ በዚያም ውስጥ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስ ተቀምጧል። አሁንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና። የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ የራሱ የሒሳብ ፈተና አለው፤ በአፕቲቲዩዱ ፈተና ውስጥም የስሌት ክፍል ይገጥመዋል። ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ተማሪ የተገላገለው ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ነው። የፈራው ሒሳብ አልተወውም፤ ምናልባት የቀለለው መስሎት ሳያጠናው ሁለት ዓመት አሳለፈ።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ ይህ ሲነሳ የምሰማው ጥቂት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። የፊዚክስ ጥያቄ አጭር ነው፤ ቁጥሩንና ቀመሩን የያዘ ተማሪ ቋንቋው ቢያዳልጠውም መልሱ ላይ ሊደርስ ይችላል። ታሪክና ጂኦግራፊ ግን ንባብ ናቸው። በቋንቋ ደካማ የሆነ ልጅ ሳይንሱን ሸሽቶ ቋንቋ ይበልጥ ወደሚፈተንበት መስመር ሲገባ ወንዝ ፈርቶ ባሕር እንደ ገባ ሰው ነው። «ማኅበራዊ ሽምደዳ ነው» የሚለው አባባል ስንቱን እንዳሳሳተ ማስላት ይቸግራል።

ለዚያች ባንክ ለተመኘች ተማሪ ትክክለኛው ምክር «አትግቢ» አይደለም። ግቢ፤ ነገር ግን ሒሳቡን ይዘሽ ግቢ። በ10ኛ ክፍል ላይ ችግርሽ ክፍልፋይ ነው፣ የቃል ፕሮብሌም ነው፣ ወይስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የተንከባለለ ነገር ነው? ይህን የሚለይ አንድ መምህርና አንድ ክረምት ያስፈልጋል። ይህ ምክር ርካሽ ነው፤ የጎደለው ጊዜ ወስዶ የሚሰጠው ሰው ነው።

በሌላው መስመር ያሉትም ከሽሽት ነጻ አልነበሩም። እዚያ ግፊቱ የሚመጣው ከቤት ነው። «ዶክተር ወይም ኢንጂነር» ከሚለው ውጪ ሙያ ያለ የማይመስላቸው አባቶች፣ ከውጭ አገር ሆነው የትምህርት ወጪ የሚልኩና ምርጫውንም አብረው የሚልኩ አጎቶችና አክስቶች ብዙ ናቸው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚደወል ስልክ በአንድ ደቂቃ የአንድን ልጅ መስመር ይለውጣል። ለዚህ ወገን አንድ የሚያምኑበት ክርክርም አላቸው፦ ተፈጥሮ ሳይንስ የተማረ ኋላ ቢሻው አካውንቲንግ መማር ይችላል፣ ማኅበራዊ የተማረ ግን ሐኪም መሆን አይችልም። እውነትነት አለው። ከተፈጥሮ ሳይንስ ወጥተው በንግድ ሙያዎች የተመረቁ ብዙ ናቸው፤ ከማኅበራዊ ሳይንስ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ምሕንድስና የሚወስድ በር ግን የለም። ሆኖም በሩ ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው በሩ ድረስ ለሚደርስ ነው። ፊዚክስ የማይገባው፣ ሕግ መማር የሚፈልግና በንባብ የበረታ ልጅ «በር እንዳይዘጋብህ» ተብሎ ተፈጥሮ ሳይንስ ቢገባ ከሁለቱም በሮች ውጪ ሊቀር ይችላል። ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞችም እኮ ከመቶ ዘጠና ሦስቱ አላለፉም።

ምን ዓይነት እገዛ ይደረግ ነበር?

የምክር አገልግሎት የሚባል ክፍል በወረቀት ላይ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ብዙውን ጊዜ የዚያ ክፍል ሥራ የሚረብሽ ተማሪን መገሠጽ ነው። መስመር ስለ መምረጥ የሚደረገው ንግግር በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል፤ እስከዚህ ቀን ቅጹን ሞልታችሁ አስገቡ የሚል። ተማሪው ቅጹን ጓደኛው ሲሞላ አይቶ ይሞላል። ጓደኛን ተከትሎ መስመር መያዝ በእኔ ግምት ከፊዚክስ ፍርሃት ቀጥሎ ትልቁ ምክንያት ነው።

እገዛው መጀመር ያለበት 9ኛ ክፍል ላይ ነው፤ 10ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ የሚደረግ ምክር ለማስተካከያ ጊዜ አይተውም። በ9ኛ ክፍል አንድ ተማሪ ሦስት የሚማርኩትን ሙያዎች ቢያስብና እያንዳንዱ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚጠይቅ ቢያውቅ፣ ድክመቱን የሚያክምበት አንድ ዓመት ሙሉ አለው። ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ በአካባቢዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ማነጋገር ትችላለች፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ለምን እንደሚያስፈልጉ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእርሷ አፍ ስትሰማ ይገባታል። ቀያሽ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የፍርድ ቤት ዳኛ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ በየወረዳው አሉ። ትምህርት ቤት ጠርቷቸው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ የሚጠራቸው ነው የጠፋው።

የተማሪውን ውጤት ማየትም ጥበብ ይጠይቃል። የመጨረሻውን ካርድ ብቻ ማየት ያሳስታል፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በየትምህርቱ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ የሚለው ይበልጣል። በሒሳብ ከሃምሳ ወደ ስድሳ አምስት የወጣ ተማሪ፣ ከዘጠና ወደ ሰባ ከወረደው ይልቅ ተስፋ ሊጣልበት ይችላል። የ2012 ተማሪዎች ይህን እንኳ አላገኙም፤ የውጤታቸው መስመር መጋቢት ላይ ተቆርጧል። እነዚያ ልጆች በ11ኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት መስመራቸውን እንደገና የሚያስቡበት ዕድል ሊሰጣቸው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። አጭር የመለያ ፈተና፣ ከአንድ መምህር ጋር አጭር ንግግር፣ ከዚያም እስከ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ መለወጥ የሚያስችል ፈቃድ። ለአስተዳደር ችግር ይፈጥራል፤ የክፍል ድልድል ይፈርሳል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከመጣው ጋር ሲተያይ ግን ያ ችግር ምንም አልነበረም።

የወላጅ ድርሻ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ልጅን «ምን ትሆናለህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሰምቶ «እርሱን ተወው» ማለት ከመጀመሪያውኑ ካለመጠየቅ ይከፋል።

ከዚያ በኋላ

ካላለፉት ከፊሎቹ በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ሪሚዲያል በተባለው፣ ሌላ ዕድል አገኙ። ሌሎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ፣ ወደ ግል ኮሌጅ፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ስደት ሄዱ። የ2015ቱ ውጤት 3.2 በመቶ ሆነ፤ ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ ማንንም አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ የተፈታኙ ቁጥር ግን በ2014 ከነበረው 896,520 በ2017 ወደ 585,882 ወርዷል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን አንድ እርከን አድርጎታል፤ በላይኞቹ ሁለት ክፍሎችም የሙያ ትምህርቶችን አካትቷል። ምርጫው ከሁለት በላይ እየሆነ ነው ማለት ነው። ሁለት መስመር ብቻ በነበረበት ጊዜ መምከር ያልቻለ ትምህርት ቤት አሁን ግብርናን፣ ጤናን፣ ኮምፒውተርን፣ ግንባታን ለይቶ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ከሚኒስቴር መመሪያ ሳይጠብቅ ማንኛውም ትምህርት ቤት ዛሬ ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ አለ። ያለፉት ሦስት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹን መዝገብ ያውጣ። ስም ሳይጠቅስ፣ በየትኛው መስመር እንደ ነበሩ፣ በ10ኛ ክፍል በሒሳብና በእንግሊዝኛ ስንት እንደ ነበራቸው፣ በመጨረሻ ስንት እንዳመጡና ወደየትኛው ትምህርት ክፍል እንደ ገቡ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይሥራ። መረጃው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። በሚያዝያ ወር፣ የመስመር ቅጹ ከመበተኑ በፊት፣ በየ10ኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የክፍል ኃላፊውም አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ ከተማሪዎቹ ጋር ያንብበው።